የተቃጠለው ቤት ቁልፍ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ በርሜሎቼ ውስጥ ያለው ቢራ በሙሉ ውሃ ይሁን፤ የመጠጥ ቤት ባለቤት ከዚህ የከበደ መሐላ የለውም። እኔ ባልታዛር በመንደራችን ማሳ ላይ የተደረገውን የዞርንዶርፍን ጦርነት ቆሜ አይቻለሁ። መድፉ ሲያገሳ ከበርሊን እስከ ሞስኮ ያለች ዶሮ ሁሉ እንቁላል መጣል አቁማ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን በንብ ነው። ጦርነቱ መንደራችን ከመድረሱ በፊት፣ በአንድ የጸደይ ቀን፣ የመንደራችን ልጅ ዶርቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የንብ መንጋ መጥቶ ባርኔጣዋ ላይ ሰፈረ። ሰው ሁሉ ሸሸ። እኔ አልሸሸሁም፤ አጥር ላይ ወጥቼ ሁኔታውን እከታተል ነበር። ወደ እሷ የተጠጋው የንቦቹ ጌታ፣ ንብ አናቢው ሄኒንግ ብቻ ነው።

«እንዳትነቃነቂ» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እኔ በቃ እስክልሽ።»

«ካላልከኝስ?»

«እንግዲያው እዚሁ አብረን እናረጃለን።»

ንቦቹን ቀስ ብሎ ወደ ቅርጫት አወረዳቸው። እሷ ግን ንቦቹ ከሄዱም በኋላ ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም። ለመኸር ሊጋቡ ተስማሙ።

ከመኸሩ በፊት ንጉሡ ጎረምሳውን ሁሉ ጠራ። ሄኒንግ ሰማያዊውን የወታደር ኮት ለብሶ የቤቱን ቁልፍ ለዶርቴ ሰጣት። በእኛ ዘንድ የንብ ጌታ ሲሞት ቀፎዎቹን በቤቱ ቁልፍ አንኳኩቶ መርዶውን መንገር ግድ ነው። ካልተነገራቸው ንቦቹ ጥለው ይሄዳሉ።

«ክፉ ወሬ ከመጣ አንቺው ንገሪያቸው» አላት።

«እኔ ከንብ ጋር ወሬ የለኝም። ራስህ መጥተህ አውራቸው።»

ጦርነቱ የመጣው ሄኒንግ ራሱ ወደሚያርሰው ማሳ ነው። በነሐሴ ሐሩር፣ በአቧራና በጭስ መሃል፣ የእኛዎቹና ሩሲያውያኑ ቀኑን ሙሉ ተራረዱ። ጥይት ሲያልቅ በሰደፍ፣ ሰደፉ ሲሰበር በጥርስ። ሲመሽ ሁለቱም አሸነፍን አሉ። መንደሩ ነድዶ አለቀ። ከሄኒንግ ቤት የተረፉት የጠቆረ ጭስ ማውጫና በጓሮው ጫፍ ያሉት የገለባ ቀፎዎች ናቸው። ቁልፉ ዶርቴ እጅ ላይ አለ፤ የሚከፍተው በር የለም። ሄኒንግም የለም።

መንደሩ ሁሉ ለንቦቹ ንገሪ አላት። እኔም አልኳት።

«ንቦቹ አልሄዱም፣ ባልታዛር። ስለዚህ አልሞተም።»

«ንብ ምን ያውቃል?»

«ካንተ ይሻላል። ቢያንስ ይሠራል።»

ከዚያ በኋላ ማሳው ተለወጠ። ሙታኑ በጅምላ በተቀበሩበት ላይ አዲሱ አጃ እንደ ወታደር ተሰልፎ በቀለ፤ ነፋስ ሳይኖር ሁሉም በአንድነት ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ምሽት ምሽት ጉም ይተኛበታል፤ ከጉሙ ውስጥ ከበሮ ይሰማል፤ ከበሮ መቺ ግን የለም። ዶርቴ ጆሮዋን ቀፎው ላይ ስታስጠጋ የምትሰማው የብዙ ሰው ሹክሹክታ ነው። እኔም ሰምቼ ፀጉሬ ከመቆሙ የተነሳ ባርኔጣዬ ወልቆ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በኅዳር፣ አመዳይ በወረደበት አንድ አመሻሽ፣ ንቦቹ ወጡ። ንብ በብርድ አይወጣም። ያለ አንዳች የክንፍ ድምፅ ወደ ጉሙ ገቡ። ዶርቴ ቁልፉን ጨብጣ ቆመች። ከጉሙ ውስጥ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ንብ የለበሰ ሰው መጣ፤ ሲረግጥ አመዳዩ አይሰበርም።

«እስካሁን አልተነቃነቅሽም?» አላት።

«በቃ አላልከኝማ።»

ያን ጊዜ ንቦቹ ከላዩ ተነሡ፤ ሄኒንግ ነበር። ሰርጉ ላይ አሥራ ሁለት በሬ ታረደ፤ ሙሽሪትን ያስጨፈርኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ምድጃው አጠገብ ካልሲ ለምትሠራው ለባለቤቴ ለዶርቴ አነበብኩላት። አዎ፣ ያችው ዶርቴ ናት። ሹራብ መሥሪያዋን አላስቀመጠችም።

«ሄኒንግ አልመጣም፣ ባልታዛር» አለች በቀስታ። «በጦርነቱ ማግስት ማሳው ዳር ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንተ ጦርነቱን አላየህም፤ ጫካ ውስጥ ከአሳማዎቹ ጋር ተደብቀህ ነበር። ለንቦቹ መንገር አቅቶኝ እስከ ኅዳር ቁልፉን ይዤ ዞርኩ። ያን ምሽት ከጉሙ የወጣኸው አንተ ነህ። እጄን ከነቁልፉ ያዝከኝ፤ ቀፎዎቹን አብረን አንኳኳን።»

ክሩን ሳብ አደረገች።

«አንዲት ቃል አልተናገርክም። ያገባሁህ ለዚያ ነው።»