ጀማል፣ ማብሪያውን ጫንልኝ

ስለ ጂን ሲወራ «ተው እባክህ» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው ብዬ ነው የምኖረው፣ ይሄን ሳወራህም፣ ወላሂ፣ ትንሽ እያፈርኩ ነው።

እዚህ ውጭ አገር፣ አቮንዴል አካባቢ ያለው መስጂዳችን ሶላቱን ላይቭ የሚያስተላልፍበት አሮጌ ኮምፒውተር አለው፣ የሚቀመጠው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ ርቄ፣ ኬኔሶ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት እቆጣጠረዋለሁ። ጭራሽ ከጠፋ ግን ከሩቅ አይነሳም፣ አንድ ሰው ሄዶ ማብሪያውን መጫን አለበት፣ ያ ሰው ደግሞ ሁሌም ጓደኛዬ ጀማል ነበር፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የሚውለው እሱ ጋ ነዋ። «ጀማል፣ ጫንልኝ» እለዋለሁ፣ ቁልፎቹ ሲንሿሹ ይሰማኛል፣ በሩ ሲጢጥ ይላል፣ ማብሪያው ቀጭ፣ ከዚያ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይነሳል። «አብሽር፣ ተነስቷል» ብሎኝ ይዘጋል።

ባለፈው ዓመት ጀማል ድንገት ወደ አኼራ ሄደ፣ ልቡ ነው አሉ። እናቱ እማማ ዘይነባ ኮምቦልቻ ናቸው፣ መምጣት የማይታሰብ ነው፣ የቀብሩ ዕለት ጠዋት ደውለው «ልጄ፣ ሲሰገድበት እንኳ በዓይኔ ልየው» አሉኝ። «አይስጉ እማማ፣ ያዩታል» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

ወደ መስጂድ እየነዳሁ ሀይዌዩ ላይ አክሲደንት ተፈጥሮ መንገዱ ተዘጋጋ፣ በዚያ ላይ እማማ ዘይነባ ደወሉ። «ልጄ፣ ቪዲዮው ጨለመብኝ፣ ምንም አይታየኝም» አሉ። እንደምንም ወጥቼ ጋዝ ስቴሽን ፓርክ አደረግኩ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀርቷል። ሪስታርት ላደርገው ስል በጥድፊያ ሻት ዳውን የሚለውን ነካሁት፣ ጠፋ። ኢማሙ ጋ ብደውል ዝግ ነው፣ የማውቀው ሰው ሁሉ ስልክ ዝግ ነው፣ ሶላት ሊቆሙ ነዋ። እኚያን እናት ምን ልበላቸው?

ድንጋጤ ሰውን ያጃጅላል፣ እመነኝ፣ ጣቴ የለመደውን ቁጥር ደወለ፣ ተነሳም። «ጀማል፣ ቶሎ ጫንልኝ፣ እማማ እየጠበቁ ነው» አልኩ። ቁልፎች ተንሿሹ፣ በሩ ሲጢጥ አለ፣ ቀጭ፣ ማራገቢያው ተነሳ። ማን ጋ እንደደወልኩ የገባኝ ያኔ ነው፣ ስልኩን ዘግቼ ወረወርኩት። ላፕቶፑ ላይ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ገባ፣ ሰዉ ተሰልፏል፣ ጀናዛው ከፊት ነው።

ማታ እማማ ዘይነባ «አየሁት፣ አላህ ያክብርህ» ብለው አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

የጀማልን ወንድም በዘዴ ጠየቅኩት፣ ስልኩም ቁልፎቹም ከሆስፒታል ሲሰጡት እንደነበሩ ከረጢት ውስጥ ናቸው፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ከጠፋ ቆይቷል አለኝ። ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነስቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፣ ይሁን፣ ስልኩንስ ማን አነሳው?

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ጀማል «አብሽር፣ ተነስቷል» ሳይለኝ ስልክ ዘግቶ አያውቅም፣ ያን ቀን ሳይለኝ የዘጋሁበት እኔ ነኝ። አሁን ስልኬ በጠራ ቁጥር ጀማል ያቺን ቃል ሊነግረኝ የደወለ እየመሰለኝ፣ ማን እንደሆነ ሳላይ አላነሳም።