ከአባ ኮዳዎቹ ኋላ የተቀመጠው ሰው

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ የዶርማችን ልጆች ስለ ከተማችን ሐይቅ ጉድ ሲያወሩ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ኬሚስትሪ የማነብ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሆነውም በሌሊት አይደለም፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፒያሳ ባለ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው።

ፎቶ ቤቱ የጋሽ ዳንጊሶ ነው። ከክፍል በኋላ እየሄድኩ አግዛቸዋለሁ፣ እሳቸውም ሙያውን ያስተምሩኛል። አንድ ቀን ለኤግዚቢሽን የዱር እንስሳት ፎቶ የሚያሰባስቡት ጓድ ኃላፊ፣ ከአንድ መምህር የተዋሷቸውን ባለ ቀለም ፎቶዎች ይዘው መጡ፣ ማተሚያ ቤቱ ያለው ጥቁር ቀለም ብቻ ስለሆነ ሁሉም ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነበረባቸው። ሥራው ቀላል ነው፣ ባለ ቀለሙን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ በጥቁርና ነጭ ፊልም መልሰህ ታነሳዋለህ፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብተህ ታትመዋለህ። "አንተ ጎበዝ ልጅ ትመስላለህ፣ አደራ" ሲሉኝ፣ እመነኝ፣ ከደስታ ብዛት ምሳ እንኳ አላሰኘኝም።

ጋሽ ዳንጊሶ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ማቴዎስ። በዚያ ሰሞን እነ ጓድ ኃላፊ ወጣቱን ለውትድርና ከየመንገዱ ያፍሱ ስለነበር ተደብቋል፣ የት እንዳለ ከአባቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እኔ የማውቀው መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ፎቶውን ብቻ ነው።

ጉማሬዎቹን ጨርሼ ወደ አባ ኮዳዎቹ፣ ወደ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ዞርኩ፣ ሰባት ናቸው፣ ሐይቁ ዳር ከቄጠማ ፊት ቆመዋል። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው ከሳህኑ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ወፎቹ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ሲጠብቁ ምንቃራቸውን እንደሚያጋጩት ያለ፣ የጨለማ ክፍሉ ቀይ አምፖል ይሆናል አልኩ። ሥዕሉ ሲወጣ ከወፎቹ ኋላ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፣ ሹራቡ ነጭ መስመር አለው። ሁለተኛ አተምኩ፣ ፊቱን በጎን አሳየኝ። ሦስተኛ አተምኩ፣ ቀጥ ብሎ አየኝ። ማቴዎስ ነበር።

ጋሽ ዳንጊሶን ጠራኋቸው። "ሹራቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቄጠማ ውስጥ በቀለም አይለይም፣ በጥቁርና ነጭ ግን ይወጣል፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ነው ጋሼ" አልኳቸው፣ እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ።

ባለ ቀለሙን በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እዚህ ላይ ሰው የለም ልጄ። ፎቶው አምና የተነሳ ነው፣ ይህን ሹራብ የገዛሁለት ባለፈው ቅዳሜ ነው።"

ከዚያ ፎቶ ላይ የማይፈለገውን በቀለም የምንሸፍንበትን ብሩሽ ሰጡኝ። "አንዱን ሪታች አድርገህ አጥፋው። ሌሎቹን ቅደድ" ብለው ኮታቸውን ሳይለብሱ ወጡ።

ቄጠማ በቄጠማ ላይ እየሳልኩ ሸፈንኩት፣ በጣም ተጠነቀቅኩ። ሌሎቹን ግን አልቀደድኩም፣ ጥሩ ወረቀት መቅደድ ነውር መስሎኝ ማድረቂያው ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። ወዲያው ጓድ ኃላፊ መጡ።

"ይሄ በብሩሽ ተነክቷል። ያልተነካው የታለ?"

የለም ማለት እችል ነበር፣ አንድ ቃል ነው። ግን ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ ባዶ እጁን መመለስ አልችልበትም፣ ከገመዱ አውርጄ ሰጠኋቸው። ሳቁ።

"አባ ኮዳዎቹ እንግዳ አላቸዋ! ይሄማ ሐይቁ ዳር፣ ቡሹሎ በኩል ያለው ቄጠማ ነው" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ጎበዝ" አሉኝ። አልደብቅህም፣ እስከ መንገዱ ጥግ ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸው።

የጓድ ኃላፊ ሰዎች ማቴዎስን ያገኙት እዚያው ቄጠማ ውስጥ፣ በዚያው ሹራብ ነው። አባቱ ሊያስጠነቅቁት በእግራቸው ሲደርሱ የአፈሳው መኪና ቀድሟቸው ነበር። ኤግዚቢሽኑ ተከፍቶ ያንኑ የሰጠኋቸውን ያልተነካ ፎቶ ሳየው ወፎቹ ሰባት ናቸው፣ ከኋላቸው ማንም የለም።

ጋሽ ዳንጊሶ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ አሁንም ልጄ ነው የሚሉኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማክሰኞ ወደ ጨለማው ክፍል ጠሩኝ፣ ከሳህኑ ውስጥ የአባ ኮዳዎቹን ፎቶ በመቆንጠጫ አንስተው ቀዩ አምፖል ሥር ያዙልኝ። ከወፎቹ ኋላ ባለ ካሬ ጃኬት የለበሰ ሰው ተቀምጧል፣ ፊቱ በጎን ይታያል።

"እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጃኬት የለኝም።"

"ማቴዎስም አምና ሹራቡ አልነበረውም።"

ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን ያን ጊዜ እሳቸውም ሰሙት መሰለኝ፣ ወደ ሳህኑ ዘወር አሉ።

"ጓድ ኃላፊ ነገ ሌላ ቅጂ ሊወስዱ ይመጣሉ። ሪታች ላድርግልህ ወይስ እንዲህ ይሂድ?"

"እባክዎ ጋሼ፣ ያጥፉልኝ።"

ብሩሹን በውሃ አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተው ቆለፉበት፣ ፎቶውንም ገመዱ ላይ ሰቀሉት።

ትናንት ከዲላ በመጣው አውቶቡስ እናቴ ጥቅል ልካልኛለች። አልፈታሁትም። በወረቀቱ ላይ ስዳስሰው ለስላሳ ልብስ ነው፣ ቁልፎች አሉት።