እስከ በሩ ሠላሳ አንድ ድንጋይ

«ሚስማሬ፣ ዝም አልሽኝ እኮ። ምን እያደረጉ ነው?»

አያቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ የሚረግፍ ነገር። ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

«ግድግዳውን እያጠቡት ነው፣ አባባ። እስኪያልቅ አይውጡ።»

አባቷ ያስጠናት ይህንኑ ነው። «ካወቁ ይታመሙብናል። ሲያልቅ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» ብሏታል። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ወሬ የመናገር ወኔ ግን አልፈጠረበትም።

ግድግዳው የአያቷ የእጅ ሥራ ነው። ዐይናቸው ሳይጠፋ ለሳኝ ነበሩ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር እየጫሩ የድንጋይ ቤት አስመሰሉት፤ አንዱን ድንጋይ ሸካራ፣ አንዱን ጎርባጣ፣ አንዱን ጥጉ የተሰበረ አድርገው። ቀጭኗን የልጅ ልጃቸውንም ሚስማር ያሏት በዚያችው መሣሪያቸው ነው። ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ በግድግዳው ይሄዳሉ። በየማለዳው ከክፍላቸው እስከ ግቢው በር ሠላሳ አንድ ድንጋይ በመዳፋቸው ቆጥረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ልምራዎት ያላቸውን ሁሉ «እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ?» ይሉታል።

ግን ግድግዳው ውኃ ገብቶበት አብጧል። አንድ ቁራጭ ወድቆ የጎረቤት ልጅ ለጥቂት ተረፈች። አዲሱ ለሳኝ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ «ውስጡ ባዶ ነው» አለ። «የላላውን አራግፌ፣ የቀረውንም ደርቤ እለስነዋለሁ። ድንጋዩን መልስ ካላችሁኝ ግን አልችልም። ዛሬ ይህን ማን ያውቃል?» ሌላ መላ አልነበረም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሚስማር ግን እያደር ከበዳት። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ በአፍንጫቸው አየር ሳቡ።

«ማጠብ እንዲህ አይሸትም።»

«ስንጥቁን እየደፈኑ ነው።»

«እንግዲያው ወስደሽ አስነኪኝ።»

ምሩኝ ብለው አያውቁም። ሚስማር በመስኮቱ አየች። በሩ ጋ ሰባት ድንጋይ ቀርቷል፤ ለሳኙ የመጨረሻውን ሲሚንቶ እያቦካ ነው። እጃቸውን ልትይዝ ዞረች። ከኋላዋ ግን አባቷ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«እርጥብ ነው አባባ። ነገ።»

«ነገ» አሉ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ።

በማግስቱ ማለዳ ብቻቸውን ወጥተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «አንድ» አሉ። እጃቸው ሄደ፣ ሄደ፤ ሁለት የሚባል ነገር አላገኘም። ቆሙ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉት።

«ጥሩ ልስን ነው» አሉ። «ሰውየው ሥራውን ያውቃል።»

«ኧረ አባዬ፣ ታጥቦ ነው እኮ...» ጀመረ ከሚስማር ጋር ተከትሏቸው የወጣው አባቷ።

«አልታጠበም» አለች ሚስማር። «ተለስኗል፣ አባባ። ትናንት አስነኪኝ ሲሉኝ በሩ ጋ ሰባት ድንጋይ ነበር። እያየሁት ነው ነገ ያልኩዎት።»

አያቷ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«መለሰኑንማ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ድምፅ ይጠፋኛል? ሰባቱን ግን አላወቅኩም።»

እጃቸውን ከግድግዳው አነሱ። ገና አንድ እርምጃ ነበር የሄዱት፤ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በሩን ዘጉ።

አባቷ አንኳኳ፤ ለመነ፤ ደክሞት ወደ ሥራው ሄደ። ከሩቅ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ሚስማር ቦርሳዋን አወረደችና ከተዘጋው በር አጠገብ፣ ጀርባዋን ለለስላሳው ግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እዚህ ነኝ» አለች።

ደወሉ ሁለተኛ ጊዜ ተደወለ። አልተነሳችም።