ጸሐፊዋ የምትጽፍበት ስታጣ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ ነጥብ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት ከሆነ አየር ይንሳኝ! «ሐመር» በምትባለው መርከብ ላይ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም፤ እዚያ በአየር የሚቀልድ ሰው አልተፈጠረም።

ሐመር ስትባል ደግሞ ጀልባ እንዳትመስላችሁ። ከዋክብትን በትከሻዋ እየገፈተረች የምታልፍ፣ ከአንዱ ጫፏ ወደ ሌላው ለመሻገር ስንቅ የምታስቋጥር፣ የሕዝቧን ብዛት ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ያልተወለደባት መርከብ ናት። ያ ሁሉ እልፍ አእላፍ ሕዝብ የሚተነፍሰው በአንድ ማራገቢያ ነው። የማራገቢያውን መዞር ሰው የሚያውቀው በክር ነው። በየቤቱ የአየር መውጫ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፤ ጠዋት ክሩ ሲወዛወዝ «ተመስገን» ተብሎ ቁርስ ይቀርባል።

ማራገቢያውን የምታዘው ጸሐፊዋ ናት። ጸሐፊዋ ሰርቨር ናት፤ ማለትም ሌሎቹን ማሽኖች በሙሉ የምታገለግልና የምታዝ ዋና ኮምፒውተር። ስሟን ያገኘችው እንደ እሷ የሚጽፍ ስለሌለ ነው። የማራገቢያውን ዙር፣ የበሩን መከፈት፣ የሰዉን ሳቅና ሳል፣ ሁሉንም ሎግ በሚባለው የውሎ መዝገቧ ላይ ታሰፍራለች። ሰው የድሮ መዝገብ ከፍቶ ሲያዳምጥ እንኳ የሚያዳምጠውን መልሳ ትቀዳለች። የሳቀ ሰው ሳቁን መልሶ ሰምቶ ቢስቅ፣ ሁለቱንም ሳቅ ትጽፋለች።

እንዲህ የሚጽፍ ነገር ቦታ ይፈጃል። ስለዚህ በየቀኑ የውሎውን መዝገብ ዘግታ አዲስ ትከፍታለች፤ ያለፉትን ጨምቃ ታስቀምጣለች፤ እጅግ ያረጀውን ትሰርዛለች። ይህ «መዝገብ ማዞር» ይባላል። መዝገቡ ካልዞረ የሚሆነውን ለመናገር አፍ ይደርቃል። የመርከቧ ሠሪዎች ጸሐፊዋ ያልጻፈችውን ሥራ ማንም ማሽን እንዳይሠራ በሕግ አስረዋል። ማራገቢያው «ዞርኩ» ብሎ ካላስጻፈ አይዞርም፤ የሰው እጅም አያዞረውም።

የጸሐፊዋ ጠባቂ ያረጋል ነው። ያረጋል ማለት በጎልማሳነቱ ገና ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ፣ ኮረንቲ ሲያየው መንገድ የሚቀይር፣ የታመመ ኮምፒውተር ከሩቅ ሳሉን ሰምቶ የሚድንለት ሰው ነው።

የዚያን ቀን ከምሳ በፊት የወጥ ቤቷ አልጋነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች የማሽን ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

«አንተ ያረጋል! ክሬ ተልፈስፍሷል። ወጡን ትቼ እኔው ልበስል ነው።»

«አየሩን ያከበደው ያንቺ ወጥ ነው።»

«ወጤን ተውልኝ! ትናንት ድስቱን በጣትህ ጠርገህ አይደል የሄድከው? በል ክሬን አስነሣልኝ።»

ያረጋል ስቆ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሳቁ እዚያው ከንፈሩ ላይ ደረቀ። ዲስኩ ሞልቷል። በጸሐፊዋ ሆድ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ የጥፍር ቁራጭ ያህል ነው።

«እየመጣሁ ነው በያቸው» አላት፤ ለማን እንደሆነ እሱም አላወቀም።

በሩን ዘግቶ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ የጠረጠረው የጊዜ ሰሌዳውን ነው፤ ምናልባት አዟሪዋ ፕሮግራም በሰዓቷ አልነቃችም። ነቅታለች! በየቀኑ ሳታዛንፍ ትነቃለች፤ ዙሪያዋን ታያለች፤ «ስህተት የለም» ብላ ጽፋ ተመልሳ ትተኛለች። ቀጥሎ ፈቃዷን መረመረ፤ መዝገቦቹ ያሉበትን ማኅደር የመንካት መብት አላት። ከዚያ ደግሞ የተዘጋ መዝገብ ጨብጦ አልለቅም ያለ ማሽን እንዳለ ፈለገ፤ እንዲህ ያለ ሌባ ቦታ እንደሚበላ ያውቃል። የለም። የማራገቢያው ድምፅ ጆሮውን ቅር ሲለው ጕርምርምታውን በኪስ መቅጃው ቀድቶ ካለፈው ዓመት ድምፅ ጋር አስተያየው። ደክሟል።

ቢቸግረው የአዟሪዋን ትእዛዝ መስመር በመስመር ያነብ ጀመር። መሐል ላይ የሠሪዎቹ ያልሆነች አንዲት መስመር አገኘ።

«የሟች ድምፅ ያለበትን መዝገብ፣ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አትንኪ።»

የጻፈው ናሁሠናይ ነው፤ ከያረጋል በፊት የነበረው ጠባቂ፣ የእድሩ ሊቀመንበር የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ። አባቱ የሞቱ ጊዜ እድሩ ተሰብስቦ፣ ቤተሰብ ሐዘኑን ሳይጨርስ የሟቹ ድምፅ እንዳይሰረዝ ለመነው፤ እሱም ይህችን መስመር ጻፈ። ተጨበጨበለት፤ ተመረቀ። አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። በሐመር የሁሉም ሰው ድምፅ በየቀኑ መዝገብ ውስጥ አለ፤ የአንዱ ሙት ዓመት ሳይወጣ ደግሞ ሌላው ይሞታል። ስለዚህ አዟሪዋ ነቅታ ባየች ቁጥር የሚነካ መዝገብ አላገኘችም። አንድም ስህተት አልሠራችም። ለቅሶ ላይ ነበረች።

በመጨረሻ የሞተው ናሁሠናይ ራሱ ነው። እሱ እንዳሰራት ደግሞ መስመሯን ሊያነሣ የሚችለው የእድሩ ሊቀመንበር ድምፅ ብቻ ነው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ጥቁር እንደለበሱ መጡ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ።

«አንድ ቃል ናት እትዬ። ‹ፈቅጃለሁ› ይበሉልኝ፤ ክሩ ሁሉ ይነሣል።»

«የሚጠፋው ምንድን ነው?»

«አሮጌ መዝገብ።»

«ናሁ ያለበት?»

ያረጋል አንገቱን አከከ። «እሱማ የሌለበት የለም እትዬ። ሲስቅም፣ ሲያስልም፣ ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅም።»

«ገና አርባው መውጣቱ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ሙት ዓመቱን የሚያወጣለት ሰው እንዲተርፍ ብዬ ነው።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሐመር ሁሉ ያወራዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ከተቀመጡበት ብድግ ብለው የብረቱን ግድግዳ በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ «ፈቅጃለሁ!» አሉ። ያረጋል እጅጌውን ሰበሰበ፤ ጣቱን ከጣሪያ አውርዶ ቁልፉ ላይ አሳረፈው፤ ቁልፉ እስከ ዛሬ ጎድጉዷል። ጸሐፊዋ ለሰባት ትውልድ የሚበቃ መዝገብ በአንድ ትንፋሽ ተፋች። ማራገቢያው እንደ አንበሳ አገሣ። ነፋሱ ሲመጣ የአልጋነሽን ድስት ክዳን አብርሮ ኮሪደር ለኮሪደር አሳደደው። ቀዩ ክር በየቤቱ እንደ ባንዲራ ተዘረጋ። እልፍ አእላፉ ሕዝብ በእልልታ ወጥቶ ያረጋልን በትከሻው ተሸከመው። ያረጋል ግን የማይኮራ ሰው ነውና «አውርዱኝ፣ ትንሽ ሥራ ናት» አለ።

ይህን ሁሉ ያረጋል ራሱ ነው በትልቁ አዳራሽ መሐል ቆሞ የተናገረው። ሕዝቡ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያዳምጠዋል፤ ያን ቀን መቆም ያደክም ነበር። ከራሳቸው በላይ፣ ቀይ ክር ከታሰረበት የአየር መውጫ ውስጥ፣ የማራገቢያው ጕርምርምታ ይሰማል። ድምፁን ሲሰሙ የፈሩት ተረጋጉ፤ ሕፃን የታቀፉት እጃቸውን አላሉ።

«ክዳኔን መልሰህ አምጣ!» አለች አልጋነሽ ከተቀመጠችበት።

«እየበረረ ነው፤ ሲደክመው ይመጣልሻል!» አለ ያረጋል። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፤ ሁሉም ትንፋሹን ለመሰብሰብ ቶሎ ዝም አለ። ያረጋል ላቡን በእጅጌው ጠርጎ የአንበሳውን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አንበሳው አሁን ከበፊቱ ተልቋል።

አልጋነሽ አጠገቧ ወደተቀመጡት እትዬ ማንጠግቦሽ ጠጋ አለች። ደረቷ ይወጣል ይወርዳል።

«እትዬ፣ እውነቱን ነው? ምነው ታዲያ ይህን ያህል ይከብደኛል?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ያረጋልን ትንሽ አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እልፍ አእላፍ ይላል እንጂ፣ ያለነው እዚህ የተቀመጥነው ነን ልጄ።»

«ማራገቢያውስ?»

«‹ፈቅጃለሁ› አላልኩም። ‹ከመጥፋቱ በፊት የልጄን ድምፅ አንዴ ልስማው› አልኩት። ከፈተልኝ። ናሁ ‹ከአንተ የእኔ ይሻላል› እያለ ከያረጋል ጋር ይጨቃጨቃል፤ ይስቃል። አንዱ ሲያልቅ ‹ሌላ› አልኩት፤ ሌላ ከፈተልኝ። እሱም ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አልቅሰናል። ጸሐፊዋም የምንሰማውን ትቀዳ ነበር፤ ለቅሷችንንም። የቀረችው ቦታ በዚያ አለቀች። ‹ፈቅጃለሁ› ስል ‹ሰረዝኩ› ብላ የምትጽፍበት አጣች። ያልጻፈችውን ደግሞ አትሠራም፤ ማራገቢያውም እንዲሁ።»

አልጋነሽ ወደ አየር መውጫው አመለከተች። «ይኸው ይሰማኛል እኮ!»

«የሱ የኪስ መቅጃ ነው፤ ወንበር ላይ ቆሞ ሲያስገባው ወንበሩን ይዤለታለሁ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፤ ነጠላቸውንም በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ክሩን እዪው።»