ፍል ውሃ የቀቀለው ድንች

ይህ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። አንዲት ነገር ጨምሬበት ከሆነ፣ በፈረሰኞች በዓል ቀን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ፈረሴ አህያ ይሁንብኝ። ዳንግላ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንደ ሳይንስ ውድድሩ ቀን ያለ ሰው ተሰብስቦ አያውቅም። አዳራሹ ሞልቶ፣ መስኮቱ ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ቁራዎች ራሳቸው ተጠጋግተው ነበር የተቀመጡት።

ፍቅርአዲስ ግን ከዚያ ሁሉ ጉድ መሃል የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ሳህን ውስጥ የተቀመጠው ቅቅል ድንች።

«ይኸውላችሁ!» አለ ጓደኛዋ ውቤ ሳህኑን ከፍ አድርጎ። «ከጥርባ ሐይቅ ወዲያ፣ አክስቴ ማሳ ግርጌ ካለው ፍል ውሃ ውስጥ በገመድ አወረድነው። አባታችን ሆይ ደግመን ሳንጨርስ በሰለ! ዘጠና አንድ ዲግሪ!»

ሁለቱም ከእንጅባራ የመጡ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ለዞኑ የሳይንስ ውድድር ያቀረቡት ሥራ፣ ከምድር ሆድ ውስጥ ያለውን ሙቀት በእንፋሎት አውጥቶ መብራት ስለ ማመንጨት ነው። ሐሳቡ የፍቅርአዲስ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር በስልክ ባትሪ ስታጠና፣ «የዘንገናንና የጥርባን ሐይቅ የሠራው እሳተ ገሞራ ሙቀቱን የት አደረሰው?» እያለች መምህር ተሻገርን ስትነዘንዝ ከረመች። የሚያሸንፉት ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ድረስ ሄደው፣ እንፋሎት ከጉድጓድ እየጮኸ ሲወጣ በዓይናቸው ያያሉ። ያንን ለማየት ፍቅርአዲስ በእግሯ ትሄድ ነበር፤ ካስፈለገም በእጇ።

ዳኛዋ ኢንጂነር ዓባይነሽ ከአዲስ አበባ የመጡ የእንፋሎት ጉድጓድ ባለሙያ ናቸው። ጠዋት ንግግር ሲያደርጉ ተማሪውን አስቀውት ነበር። «አንድ ጉድጓድ የሚበላው ገንዘብ ስንት ትምህርት ቤት ይሠራል መሰላችሁ! ቆፍረንም ቀዝቃዛ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ከመሬት በላይ ተለክቶ የሚነገረን ሙቀት ውሸት ከሆነማ፣ የቆፈርነው ለአይጥ ነው።»

አሁን ከድንቹ ቆንጠር አድርገው ቀመሱና ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

«ጨው አለው።»

ውቤ ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰ። «መሬቱ ጨዋማ ነው፣ ኢንጂነር!»

«ሚጥሚጣም አለው።»

«እ… የእሳተ ገሞራ አፈር ነዋ! ያቃጥላል!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ጫግኒ ድረስ ተሰምቷል፤ ሰማን ያሉ ሰዎች አሉ። ፍቅርአዲስ ግን አልሳቀችም። ትናንት ቴርሞሜትሩን የያዘችው እሷ ነበረች። አርባ አንድ ዲግሪ። ድንቹ ከውሃው የወጣው እንደ ገባ ጥሬውን ነው። ውቤ «በስሏል!» ብሎ ገምጦት ጥርሱ ከመነቀል ለጥቂት ተረፈ። አክስቱ እትዬ ውብአየሁ ጉልበታቸውን ውሃው ውስጥ እንደ ነከሩ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ልጆቼ፣ ይኼ ለሪህ ነው እንጂ ለድንች አይሆንም!»

ከዚያ ቤታቸው ወስደው ድንች በጨውና በሚጥሚጣ አበሏቸው። ሳህኑ ላይ ያለው ከዚያ የተረፈው ነው። ሲሸኟቸውም፣ «እንፋሎት ፍለጋ የሚቆፍሩት ሰዎች ሲመጡ ውሃዬ ይደርቅ ይሆን? እስኪ ጠይቁልኝ» ብለው ነበር። ፍቅርአዲስ ጥያቄውን ለውድድሩ ባዘጋጁት ፖስተር ላይ ልትጽፈው ስትል ውቤ ማርከሩን ነጠቃት።

«አታበላሺው በናትሽ! ለብ ባለ ውሃ ያሸነፈ ማን አለ?»

ኢንጂነር ዓባይነሽ ወደ እሷ ዞሩ። «ድንቹ ሲወርድ አብረሽው ነበርሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምስክሯ አንቺ ነሽ። ንገሪኛ።»

ውቤ ጠጋ አለና በአገውኛ ሹክ አላት፤ የአዲስ አበባ ሰው አገውኛ ከየት ያመጣል ብሎ። «ጥሬ ነበር ካልሽ አለቀልን! ስምጥ ሸለቆን እርሺው። ዝም ብለሽ ራስሽን ነቅንቂ!»

ኢንጂነሯ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

ፍቅርአዲስ እንፋሎቱ ታያት፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ደመና ላይ የሚደርስ። ራስ መነቅነቅ ምን ይከብዳል? ወዲያው ደግሞ እትዬ ውብአየሁ ማሳ ግርጌ የተተከለ መሰርሰሪያ ታያት፤ በዘጠና አንድ ዲግሪ ወሬ ሲቆፍር፣ ሲቆፍር፣ ሲቆፍር። አይጦቹም ቤታቸው ተሠርቶ እስኪያልቅ ተሰልፈው ሲጠብቁ።

ሳቋ አመለጣት። ቦርሳዋን ከፈተችና የውቤ ጥርስ ያረፈበትን ጥሬ ድንች አውጥታ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

«አርባ አንድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የወረደው ይኼኛው ነው። አልበሰለም።»

ውቤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኢንጂነር ዓባይነሽ ጥሬውን ድንች አንስተው፣ የተገመጠበትን ቦታ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ጥርት ባለ አገውኛ፣ እዚያው አገር እንዳደገ ሰው፣ ውቤን ጠየቁት።

«ጥርስህስ ደህና ነው፣ ልጄ?»

ውቤ በጣቶቹ መሃል አጮልቆ አያቸው፤ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

ፍቅርአዲስ ማርከሩን ከደረት ኪሱ መዘዘችው። ፖስተሩ ላይ ዘጠና አንድ የሚለውን ሰርዛ አርባ አንድ አለችው። ከሥሩ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲያነቡት አድርጋ፣ በትልልቁ መጻፍ ጀመረች፦ «የእትዬ ውብአየሁ ጥያቄ…»