ከጮሌ በላይ መንገዱ የተከፈተ ቀን

በዛብህን መጀመሪያ ያየሁት አሰላ፣ ጋራዡ ውስጥ መኪናዬ ስር ተኝቶ ነው። ፊቱን ሳላይ ድምፁን ሰማሁ።

«ሹፌሩ የት ሄደ?»

«ሹፌሯ እኔ ነኝ» አልኩት።

ከስር ወጥቶ ቀና አለ። ጉንጩ በግራሶ ጠቁሯል። ዓይኖቹ ግን... ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር፣ ቁጣዬ ጠፋኝ።

ወለላ እባላለሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ፣ ከጮሌ በላይ ባለች ትንሽ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጭቃ መንገዳችንን ይዘጋዋል፤ በረዶ የጣለ ቀንማ ጭራሽ አይታለፍም። ስለዚህ ወላጆች ተሰባስበው በትምህርት ቤቱ አሮጌ ላንድክሩዘር ፊት ትልቅ የብረት አካፋ አስበየዱ፣ ጭቃውን እየገፋች እንድትጠርግ። ግን ብረቱ ከበዳት። አፍንጫዋ ወደቀ፤ ጭቃውን በመግፋት ፈንታ መሬቱን እየወጋች ትቆማለች። ሐምሌ ላይ ደግሞ ተማሪዎቼ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ መውረድ አለባቸው። መንገዱ ከተዘጋ የዓመታት ልፋታቸው ተራራው ላይ ይቀራል።

ይህን ነግሬው የመኪናዋን ፊት እስከሚችለው ድረስ ከፍ እንዲያደርገው ለመንኩት። እምቢ አለ። ከልክ በላይ ከፍ ካለች ጠመዝማዛው ላይ ትገለበጣለች አለኝ። ስራውን ለመሸሽ ያመጣው ሰበብ መሰለኝና ተጨቃጨቅን። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ተገልብጦ ነው የሞተው። ይቺን ደግሞ የምትነጂያት አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያው ልኩን አንተ ታውቃለህ» ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት።

ስራው ቀናት ፈጀ። እኔም አሰላ ጓደኛዬ ቤት አርፌ በየቀኑ ጋራዡ እመላለስ ጀመር። ፊቷን በክሪክ አንስቶ ክብደቷን የሚሸከመውን የደከመ ባሌስትራ ፈታ፣ ጠንካራ ብረቶች ደረበበት፣ ንዝረት የሚያበርዱትን አሞርዛተሮች ቀየረ። እኔ መብራት እይዝለታለሁ፣ ቡሎን አቀብለዋለሁ። ምሳ አብረን እንበላለን። የምናወራው አያልቅም ነበር።

መኪናዋን የምረከብበት ቀን ግን በዛብህ ብቅ አላለም። ቁልፉን ሰራተኛው ሰጠኝ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ለካ ለእሱ ምንም አልነበርኩም ብዬ እስከ ጮሌ እያለቀስኩ ነዳሁ። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ስለ መኪናዋ ሊጠይቅ ደውሎለት፣ ወደ ደብረ ብርሃን የጠየቅኩት ዝውውር እንደተፈቀደልኝ ነግሮት ኖሯል። እንደነገረው ግን እኔ ያኔ አላወቅኩም።

ተማሪዎቹ በሚወርዱበት ዋዜማ በረዶ ከዝናብ ጋር ወረደ። ጠዋት ተማሪዎቹን የጫነው አውቶቡስ ከኋላዬ ቆሟል፣ ከፊቴ ያለው መንገድ በጭቃና በበረዶ ክምር ተደፍኗል። በስተግራ ገደል ነው። የተማሪዬ የአሚራ አባት ኦቦ ቱሳ መስኮቴ ላይ ዘንበል ብለው አላህ ያግዝሽ አሉኝ።

ያኔ ከክምሩ ማዶ አንድ ሰው በጭቃው እየዋኘ ሲመጣ አየሁ። በዛብህ ነበር! መንገዱ መዘጋቱን ማታውኑ ሰምቶ ከአሰላ እስከ ጮሌ በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ነው የመጣው። ሰላም እንኳ ሳይለኝ መኪናዋ ስር ገብቶ ቡሎኖቹን አጠበቀና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንተ ንዳ» አልኩት።

«እኔ ሰራኋት እንጂ ይሄን መንገድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ንጂ፣ አለሁ።»

በከባድ ማርሽ ተነሳሁ። አካፋው ክምሩን ነካ... አፍንጫዋ አልወደቀም! ጭቃው እየተጠቀለለ ወደ ገደሉ ተንዶ ወረደ። ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ደግሜ ገፋሁ። ጎማው አንዴ ወደ ጠርዙ ሸርተት ሲል ትከሻዬን ያዘኝ፤ መሪውን ግን አልነካም።

«ለምን ሸሸኸኝ?» አልኩት፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ።

«ዝውውርሽ ደርሷል አሉኝ። ከምትሄጂ ሴት ጋር ልቤን አላስለምድም ብዬ ነው። አልቻልኩም፣ ወለላ።»

«ልጆቹን ጥዬ አልሄድም ብዬ ሰርዤዋለሁ።» ማርሹን ቀየርኩና ቀጠልኩ፤ «አንተንም ጥዬ።»

ዘወር ስል ፊቱ በእንባ ርሷል።

ጥቂት ገፋ እንዳደረግን ክምሩ ተቀደደ፣ ጥርጊያው መንገድ ወለል ብሎ ታየ። ወላጆች እልልታውን አቀለጡት። ተማሪዎቼ በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ስሜን እየጠሩ አለፉ። አሚራ ጮክ ብላ «ቲቸር፣ እንገናኛለን!» አለችኝ። አውቶቡሱ ከጠመዝማዛው እስኪሰወር በጭቃ እንደተለወስን ተቃቅፈን ቆመን አየነው።

አሚራና ብዙዎቹ ጓደኞቿ አልፈው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እኛም ጥር ላይ ተጋባን። በዛብህ ጮሌ ላይ ጋራዥ ከፈተ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያቺን መኪና እየተቀያየርን እንነዳለን። ለሰርጋችን ያገሩ ሰው ከተራራው ወርዶ ነበር። ኦቦ ቱሳ መሐል ላይ ቆመው በኦሮምኛ መረቁን። ከደብረ ብርሃን የመጣችው እናቴ ቋንቋውን አትችልም፤ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ «አሜን» ያለችው እሷ ነበረች።