የእትዬ ፈትለወርቅ የይለፍ ቃል

«ሞጁሉ አልተገኘም» አለ ስክሪኑ።

ኪራኮስ ደገመው። ያው መልስ።

ከኋላው የካርጎ ቢሮው ባለቤት ጴጥሮስ ቆሟል። «ምንድን ነው?»

«አፕዴቱ የጣት አሻራ የሚያነበውን ሞጁል አጥፍቶታል። ማንም መዝገቡ ውስጥ መግባት አይችልም። አማራጭ ልፈልግ።»

«አንድ ሰዓት አለህ።»

ስሙ ኪራኮስ አይደለም። ካልጋሪ ከተማ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ያለው ይህ ቢሮ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብሎ ከቀጠረው ሰባት ወሩ ነው፤ የላኩት ሰዎች «ሸማኔ» ይሉታል። የመጣው ለአንድ ፋይል ነው። እነ ጴጥሮስ ከተማው ውስጥ ሊያስገድሏቸው ያሰቧቸው የሠላሳ አንድ ስደተኞች ስምና አድራሻ አለበት። በመዝገብ ሠራተኛዋ በእትዬ ፈትለወርቅ አሻራ ብቻ ይከፈታል። እሳቸው ውስጡ ያለውን አያውቁም። ምሳ ሳይቋጥር በመጣ ቀን ከሳህናቸው የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው።

በስልክ ኮድ የሚልክ ሞጁል አገኘ። ኮዱ ግን ለጴጥሮስ ይደርሳል። አይሆንም። የቀረው በይለፍ ቃል የሚሠራው አሮጌው ሞጁል ነበር። የሚጻፈውን ቃል ቀድቶ እንዲያስቀርለት አድርጎ ጫነው።

«እትዬ፣ ማንም የማያውቀውን ቃል ያስገቡ።»

«የክርስትና ስሜን ላድርገዋ። እናቴና የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት፤ ሁለቱም አርፈዋል።»

ጴጥሮስ በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ፣ በአንድ ጣት፣ ቀስ እያሉ ጻፉት። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ይባላል። ነከሰ። አፈረም።

በማግስቱ ቴምፕል ሰፈር፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ አለቃው ሩቤን በእትዬ ቃል ከፍቶ ፋይሉን የቀዳበትን ፍላሽ ተቀበለው።

«እሳቸውን ዛሬውኑ ከከተማው አውጧቸው። ቃል ገብተሃል» አለ ኪራኮስ።

«ፋይሉን ማን እንደከፈተ የሚመዘግበው ሎግ ላይ ያለው የሷ ስም ነው። ጴጥሮስ ሌባዬን አገኘሁ ብሎ ፍለጋውን ያቆማል። አንተ ክሊን ነህ።»

«አፕዴቱን ማን ላከው?»

«እኛ።»

ከመኪናው ወርዶ ደወለላቸው።

አይነሳም።

ደገመ።

አይነሳም።

ሠላሳ አንዱ ሰዎች በጊዜ ተነግሯቸው ተረፉ። እትዬ ፈትለወርቅ አቢዴል ሰፈር አጠገብ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። አክሲደንት ተባለ።

ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ ጠየቁ። «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

«አይ ዶንት ኖው፣ አባ» አለች የእህታቸው ልጅ ኢየሩስ እያለቀሰች። «ለማንም ነግራ አታውቅም።»

ጴጥሮስ ጥቁር ለብሶ ፊት ቆሟል።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

«ወለተማርያም» አለ ኪራኮስ ከኋላ።

ጴጥሮስ ቀስ ብሎ ዞረ። የይለፍ ቃሉን ማን እንደሰረቀ ገባው።

ኪራኮስ በካልሲው በረዶው ላይ ወጣ። ከኋላው ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ጠርተው ፍትሐቱን ጀመሩ። ከዚያን ቀን በኋላ ኪራኮስ የሚባል የኮምፒዩተር ሠራተኛ ካልጋሪ ውስጥ አልታየም። ጫማው ግን እስከ ማታ በሩ ላይ ነበር።